ሎሚ ሲነካው የሚናገር ድንጋይ

ከላስ ቬጋስ እስከ ዩታ ድንበር ባለው በረሃ ውስጥ ካልሳይት የሚባለውን ድንጋይ እንደ እኔ የሚያውቅ ሐበሻ አልተወለደም፤ ከተወለደም ገና ዳዴ እያለ ነው። ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ ድንጋይ በጆንያ ብታፈሱልኝ የቱ ካልሳይት፣ የቱ ኳርትዝ፣ የቱ ደግሞ ከካዚኖ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የተሰረቀ የጌጥ ጠጠር እንደሆነ አንድ ሳልስት እነግራችኋለሁ። ይህን ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። በሥራ ቦታ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ለሚያከፋፍሉ ዲለር ጓደኞቼ፣ በልደት ግብዣ ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች፣ አንዴ እንዲያውም ጥርሴን ለሚነቅለው ሐኪም፣ አፌ በጥጥ ተጠቅጥቆ እያለ። ባለቤቴ ግን ይህን ወሬ በጀመርኩ ቁጥር ከፍሪጅ አንድ ሎሚ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ሎሚውን ብቻ ታስቀምጣለች፤ እኔም ወሬዬን ቀስ አድርጌ ወደ አየሩ ሁኔታ አዞራለሁ።

ዛሬም የቀሰቀሰኝ ያው ሎሚ ነው። ጁላይ ነው፣ 2021፤ ውጭው እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ይነድዳል፤ በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ካዚኖ ተከፍቶ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ቆይቻለሁ፣ ዛሬ ግን ኦፍ ነኝ። ባለቤቴ ዶሮ ልታጥብ ሎሚ ስትሰነጥቅ ሽታው ከኩሽና ተነሥቶ፣ በኮሪደሩ ዞሮ፣ እኔ የተጋደምኩበት ሶፋ ድረስ መጣና አፍንጫዬን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ሌላው ሰው ሎሚ ሲሸተው ዶሮ ወጥ ትዝ ይለዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ የአንድ አሮጌ ቡናማ መኪና የኋላ ወንበር ነው፤ ፀሐይ የሰነጣጠቀው፣ ቁምጣ የለበሰን ልጅ ጭን የሚጠብስ የፕላስቲክ ወንበር፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ከሥሩ ድንጋይ የሚንኳኳበት።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔና እማዬ ከሱዳን መጥተን ሜሪላንድ ፓርክዌይ ከሚባለው የቬጋስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። ግቢው መሐል የመዋኛ ገንዳ አለ፣ ውሃ ግን የለውም፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ስናገር ግን ውሃም ነበረው፣ ዓሣም ነበረው፣ አንድ ቀን እንዲያውም ወሬው ሲያምርልኝ ትንሽ አዞ ጨምሬበታለሁ። እማዬ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። ቅዳሜ ሺፍት ስለነበራት እኔን ለጎረቤታችን ለጋሽ ታፈሰ አደራ ሰጥታ ትሄዳለች። ጋሽ ታፈሰ ማታ ማታ በአንድ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርጉ፣ በዕረፍታቸው ቀን ደግሞ ድንጋይ ፍለጋ በረሃ ለበረሃ የሚንከራተቱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ራሳቸውን በጣም የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ድሬዳዋ ሳሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ የላብራቶሪ ኃላፊ እንደነበሩ ይናገራሉ። እማዬ ከአንዲት የድሬዳዋ ሴት እንደሰማችው ግን የላብራቶሪውን ቁልፍ የሚይዙት ነበሩ። እኔ ሁለቱንም አምን ነበር፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ኃላፊ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከርር እንወጣለን። ያኔ ከተማው ቶሎ ያልቅ ነበር። ዛሬ ቤት ከቤት ተጣብቆ የቆመበት፣ ሣር ያለ ፈቃድ የማይበቅልበት ሰመርሊን የሚባለው ሰፈር በዚያን ጊዜ የእሾህና የእንሽላሊት አገር ነበር፤ ከመጨረሻው ነዳጅ ማደያ በኋላ አስፋልቱ ይጠፋና ግራጫው የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ይጀምራል። የጋሽ ታፈሰ የሥራ ዕቃ በአንድ የጫማ ካርቶን ይጠቃለል ነበር፤ መዶሻ፣ የመዳብ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሎሚ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው። ጨውዋ ለድንጋዩ አልነበረችም። ለእኔ ነበረች።

አንድ ነጭ ነገር ሲያገኙ መጀመሪያ ይልሱታል። አሁን አላጋነንኩም፣ ይልሱታል። አቧራ የለበሰ ድንጋይ ካልረጠበ መልኩን አያሳይም፣ የያዝነው ውሃ ደግሞ የመጠጥ ነው ይላሉ። ይህን ለእማዬ የነገርኳት ቀን በእጇ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ «ሰውዬው ድንጋይ ይልሳሉ ነው የምትለኝ? ምሳ ቋጥሬላችሁ አልነበር እንዴ?» አለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የምትቋጥርልን ምሳ እጥፍ ሆነ።

ከላሱት በኋላ በጥፍራቸው ይጭሩታል። በጥፍር ከተጫረ ጂፕሰም ነው ብለው ይወረውሩታል። ጠርሙሱን የሚጭር ከሆነ ደግሞ «ይሄ ኳርትዝ ነው፣ ደንዳና» ብለው እንደማይወዱት ዘመድ ያልፉታል። ለጥፍር እምቢ ብሎ በሳንቲሙ ጠርዝ ከተጫረ ግን ፊታቸው ይፈካል። ጥርት ያለ ስባሪ ሲገኝ ጋዜጣው ላይ ያስቀምጡና ይጠሩኛል፤ በድንጋዩ ውስጥ ሳይ እያንዳንዱ ፊደል መንታ ወልዷል። የመጨረሻው ፈተና ሎሚ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ፍርፋሪ ቢጤ ያነሡና አንዲት ጠብታ ይጨምቁበታል። «ና አንተ ልጅ፣ ጆሮህን አስጠጋ። ይናገራል» ይሉኛል። እጠጋለሁ። ነፋሱ እንኳ ደክሞት በተኛበት በዚያ በረሃ ውስጥ ከፍርፋሪዋ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ይነሣል፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ የተከፈተ ለስላሳ የሚያሰማው ዓይነት። ጆሮዬን ያሳክከኝ ነበር።

ከዚያ ረጅም ትምህርት ይከተላል፤ አሲዱ ድንጋዩን ምን እንደሚያደርገው፣ የሚፈላው ለምን እንደሆነ፣ ሎሚ የት ቦታ መንካት እንዳለበትና የት ቦታ በፍጹም መንካት እንደሌለበት። ትምህርቱን በሙሉ ልቤ ተከታትዬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከጠብታዋ የተረፈው ሎሚ በእኔ እጅ ነበር፤ ጨው ነስንሼበት እየመጠጥኩ፣ ዓይኔን በኮምጣጣው እያጠበብኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጋሽ ታፈሰ የምነቀንቀው ስለገባኝ ይመስላቸው ነበር።

በጣም የሚወዱት ግን የዋጋ ትምህርታቸውን ነው። ለሰብሳቢ የሚሆን ድንጋይ ቁም ነገሩ ትልቅነቱ አይደለም፤ ጫፉ ሙሉ ነው ወይ? ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል ወይ? ወደ ፀሐይ ሲይዙት ውስጡ ምን ይመስላል? ከየትኛው ኮረብታ ወጣ? ማንስ አገኘው? እዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይወፍራል። አንድ ቀን «ታዲያ ለምን አልማዝ አንፈልግም ጋሼ? አልማዝ ጠንካራ ነው» ብላቸው መራመዳቸውን አቆሙ። «ጠንካራ ነገር ሳይሸረፍ ቢቆይ ምኑ ይደንቃል?» አሉኝ። «ይሄ ሳንቲም የሚያቆስለው ነገር ነው። ተራራ ተጭኖት፣ ጎርፍ ሄዶበት፣ እንደ አንተ ያለ ወጠጤ ረግጦት፣ ጫፉ ሳይነካ ከተገኘ፣ ሰው ለእሱ ነው ዋጋ የሚከፍለው።» ሎሚዬን እየመጠጥኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቀለሟ ማር የመሰለ አንዲት ድንጋይ ያገኘነው እንዲህ ባለ ቅዳሜ ነው። እኔ ሽንቴን ልሸና ከአንድ አለት ጀርባ ዞር ስል ከስንጥቁ ውስጥ ብርሃን ዓይኔን መታኝ። ጋሽ ታፈሰ ተጠርተው መጡና በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ መዶሻውን ሳይነኩ፣ በጣታቸውና በእንጨት ብቻ አፈሩን እየፈለፈሉ አወጧት። ከሥሯ ሰፋ ብላ ወደ ላይ እንደ ውሻ ጥርስ የሾለች፣ እስከ ጫፏ ሙሉ የሆነች፣ ፊቶቿ ፊቴን የሚያሳዩ፣ ወደ ፀሐይ ሲይዟት ውስጧ የሚነጋ። ቡጢ ታህል ነበር። እኔ ሳወራው ሐብሐብ ታህላለች። ጋሽ ታፈሰ አልላሷትም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከመኪናው ውስጥ ቀዩን የሥራ ሰደርያቸውን አምጥተው ጠቀለሏትና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሰደርያው ደረት ላይ ስማቸው የተጻፈበት ፕላስቲክ ነበር፤ ታፈሰ ለእንግዶች አፍ ይከብዳል ተብሎ «ታፍ» ብቻ ነው የተጻፈው። ወደ ከተማ ስንመለስ ቀስ ብለው ከመንዳታቸው የተነሣ አንድ ኤሊ ቀድማን ብትሄድ አልገረምም ነበር። ከኋላ ክላክስ ሲያስጮኹባቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በአማርኛ «እለፉ! እኔ ልጅ ጭኛለሁ!» ይላሉ። ልጁ እኔ ልሁን ድንጋይዋ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቤት ስንደርስ ከፍሪጁ በላይ አስቀመጧት። «ይቺ ለእውነተኛ ሰብሳቢ ናት። ጊዜዋ ሲደርስ» አሉ።

ጊዜዋ ግን አልደርስ አለ። እኔ አደግሁ። ጢም ማቆጥቆጥ ሲጀምረኝ ያ ቡናማ መኪና ያሳፍረኝ ጀመር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቅርጫት ኳስ አለብኝ፣ የቤት ሥራ አለብኝ፣ ሆዴን ያመኛል እያልኩ መቅረት ለመድሁ። ጋሽ ታፈሰ መስኮታችን ሥር መኪናዋን አስነሥተው ለጥቂት ጊዜ ይቆማሉ፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ፤ ከዚያ ብቻቸውን ይሄዳሉ። በኋላ አገቡ፣ ሩት የምትባል ልጅ ወለዱ፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ እርጅናቸውን ከቬጋስ አጠገብ ባለችው ሄንደርሰን ከተማ በሩት ቤት አደረጉት። ድንጋይዋም ከፍሪጅ ወደ ፍሪጅ እየተዛወረች አብራቸው ሄደች። እኔ ዲለር ሆንኩ፤ ለበዓል እደውልላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ «ካልሳይቱን አልረሳህም አይደል?» ይሉኛል። «እንዴት ይረሳል ጋሼ!» እላለሁ። ጉራዬ የጀመረው እዚያ ስልክ ላይ ነው መሰለኝ።

በ2020 ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔ ካርድ የማከፋፍለው ለባለቤቴ ብቻ ሆነ፤ እሷም አሳምራ ትበላኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ሩት ደወለች። አማርኛዋ እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛ ነው። «ሚኪ፣ አባዬ አንተን ይፈልጋል። ስለ ድንጋዩ ነው፣ የሎው የሆነው። ኤቭሪ ደይ ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ ምንም አላውቅም» አለችኝ። በሽታውን እንዳላስይዛቸው ሩት ቤት ሄጄ ከመስኮቱ ውጭ ቆምኩ፤ እሳቸው ከመስታወቱ ወዲያ ወንበር ላይ፣ እኔ ከወዲህ አበባው ላይ እንደቆምኩ በስልክ አወራን። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩኝ እንደ ጥላ ነው። ሰመርሊን ውስጥ አንድ ታዋቂ ድንጋይ ሰብሳቢ አለ አሉኝ፤ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ፣ ቤቱ ሙሉ የመስታወት ሣጥን የሆነ፣ የማዕድን ወዳጆችና ተማሪዎች እየመጡ የሚያዩለት። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ካርድ አለ፤ የድንጋዩ ዓይነት፣ የወጣበት ቦታ፣ ያገኘው ሰው ሙሉ ስም።

«ገንዘቡን ለሩት ይስጣት» አሉኝ። «እኔ ስሜን ነው የምፈልገው። ታፍ ሳይሆን ሙሉውን፣ ከነአባቴ። ካርዱ ከተጻፈ ሩት ፎቶ አንሥታ አጉልታ ታሳየኛለች፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ። አንተ ውሰዳት። ዋጋዋን አንተ ንገረው። ያስተማርኩት አንተን ብቻ ነው።»

«ሐሳብ አይግባዎት ጋሼ» አልኳቸው። «ሰውዬው ካልሳይት ምን እንደሆነ ከእኔ ይማራል።»

ሩት ድንጋይዋን ደጃፉ ላይ አስቀምጣልኝ ራቅ ብላ ቆመች፤ አነሣኋት። ጫፏ ሙሉ ነው። ግን ያን ሁሉ ዘመን ከፍሪጅ በላይ የኖረ ነገር እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የወጥ እንፋሎትና አቧራ ተጋግሮ መልኳ ጠፍቷል። በዚያ ወራት ደግሞ ሳይታጠብ ቤት የሚገባ ነገር አልነበረም፤ እኛ ቤት ሙዝ በሳሙና ታጥቧል፣ እኔ ራሴ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ በበረኪና ቀቅያለሁ። ይቺ የንግሥት ዘር እንዲህ ሆና ሰው ፊት ትቀርባለች እንዴ? እንደምታውቁት እኛ ዘንድ ታጠበ የሚባለው በሎሚና በጨው ሲታጠብ ነው። ዶሮ የሚያጠራ ነገር ድንጋይ አያጠራም? ደግሞም ሎሚና ካልሳይት የሚተዋወቁ መሆናቸውን አፍንጫዬ በደንብ ያስታውሳል። የሚተዋወቁት እንዴት እንደሆነ ጋሽ ታፈሰ የነገሩኝ ቀን ነው አፌ ሎሚ በመምጠጥ ሥራ ላይ የነበረው።

አንድ ከረጢት ሎሚ ጨመቅሁ። ባለቤቴ የዶሮ ማጠቢያዋን ጎድጓዳ ሳህን ሳነሣ ባታየኝ ኖሮ ደስ ባለኝ፣ ግን አየችኝና «ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ፤ «ሙያ ነው፣ አንቺ አይገባሽም» አልኳት። ጨው ነሰነስሁ፣ ድንጋይዋን አጠለቅሁ፣ እጄን አድርቄ ሳሎን ገባሁ። ቴሌቪዥኑ የድሮ ቡጢ በድጋሚ ያሳይ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ማን እንደሚያሸንፍ እያወቅሁ፣ ሁለት ግጥሚያ ሙሉ እየጮኽኩ ተመለከትሁ።

ሳወጣት በእርግጥ ንጹሕ ነበረች። መስተዋት የነበሩት ፊቶቿ ግን እንደ መታጠቢያ ቤት መስኮት ደብዝዘዋል፣ ጠርዞቿ ሟሙተዋል፣ ያ ተራራ ያልሰበረው፣ ጎርፍ ያልነካው ጫፍ የተመጠጠ ከረሜላ መስሏል። መጀመሪያ ያደረግሁት በፎጣ መወልወል ነው። ቀጥሎ በዘይት ማሸት ነው። በዘይት ስታሽ ትንሽ አበራች፤ እኔም የሕፃን ቅባት በተቀባ ድንጋይ ተስፋ አድርጌ ሰመርሊን ሄድሁ።

ሰውዬው ጋራዡን ከፍቶ፣ ማስክ አድርጎ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀምጥለት በእጁ አሳየኝ። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አገላበጣት። ከዚያ «አሲድ ነክቷታል?» አለኝ።

«አሲድ? በፍጹም! ሎሚ ብቻ ነው» አልኩት።

«ስንት ሎሚ?»

«አንድ ከረጢት።»

መነጽሩን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከሥሯ ያለውን ቅርፅ እያሳየኝ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ነገረኝ፤ እኔ በዓይኔ ያየኋትን፣ ጭኔ ላይ ያቀፍኳትን ድንጋይ፣ አይቷት የማያውቅ ሰው አንድ በአንድ ገለጸልኝ። ሣጥኑ ውስጥ ግን እንደማያስገባት ነገረኝ፤ እዚያ የሚገባው ተራራው እንደተወው ያለ ነገር ብቻ ነው። ካርድም አልጻፈላትም።

ወደ ሄንደርሰን ስሄድ የምዋሸውን ውሸት መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ በውሸት ደግሞ አልታማም። ነገር ግን እሳቸው ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ውሸቱን ተውኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሎሚውን፣ ጨውን፣ ዘይቱን። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ መስታወቱን በእጄ ነካሁ። እየሳቁ ነበር። ሳል እስኪያስጨንቃቸው፣ ሩት ውሃ ይዛ እስክትሮጥ ሳቁ።

«እንግዲህ» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ካልሳይት መሆኑ ተረጋገጠ።»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ እንደዚያ እየሳቅን ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው እንደ ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን የምታህል ድንጋይ፣ በከረጢት ሎሚ... እንዴት አድርጋ ተናገረች? ሰማሃት?»

«አልሰማሁም ጋሼ» አልኩ። «ቴሌቪዥን ከፍቼ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ሳቃቸው የጠፋው። አልተቆጡም። ወደ ወንበራቸው ተደግፈው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «አይ» አሉ፣ ያችኑ ብቻ፣ ለእኔ ያሉትም አይመስለኝም።

በጥር አረፉ። ጥቂት ሆነን፣ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን ቀበርናቸው። ከዚያ በኋላ ሩት ጋራዡ ውስጥ የነበሩትን የድንጋይ ካርቶኖች ከፈተችልኝና «የትኛው ነው ጥሩው? አንተ ታውቃለህ ብሎኛል» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁሉም ነጭ ነበር። አንዱን አነሣሁ፣ ሌላውን አነሣሁ፣ እንደ አዋቂ ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ በጥፍሬ ይጫር በሳንቲም፣ ጠርሙስ ይጭር አይጭር ተምታታብኝ፤ የትኛው ከየት ኮረብታ እንደወጣ የሚናገረውን ሰው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀብረናል። ኮረብታውንም አንድ ቀን ልፈልገው ሄጄ ነበር። ከመጨረሻው ነዳጅ ማደያ በኋላ ሌላ ነዳጅ ማደያ አለ፤ ከሱም በኋላ ሌላ። እኔ ልሸና ዞር ያልኩበት አለት በግምቴ የሆነ ሰው ሳሎን ሥር ነው። የተረፈኝ የሎሚው ሽታ፣ የወንበሩ ሙቀትና ያ ረጅም ትምህርት ሲነገር የነበረው የድምፃቸው ዜማ ነው። ቃሉ የለም።

ድንጋይዋን ሩት «ኪፕ አድርጋት» ብላ ሰጠችኝ፤ አሁን እኛ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ከሥሯ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ስማቸውን ሙሉውን ከነአባታቸው ጽፌ ለጥፌአለሁ፤ የሚያየው ግን እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርሃኑ ያርፍባታል፣ ነገር ግን ወደ ውስጥ አይገባም። መልኳን የማየው ስትረጥብ ብቻ ነው። የውሃው ቧንቧ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ አለ፤ እኔ ግን ሃምሳ ሊሞላኝ የደረሰ፣ የቤት አስተዳዳሪ፣ በሥራ ቦታዬ የተከበርኩ ሰው፣ ባለቤቴ ወደ ኩሽና ዞር ስትል አንሥቼ እልሳታለሁ።